ቲጃኒ አል-ማሂ፡ ሐኪምንና ሼኽን ያቀራረቡት የሱዳን የሥነ አእምሮ ሕክምና አባት

በካርቱም ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጥቁር ዓባይ ደቡባዊ ዳርቻ ቡሪ የሚባል የቆየ ሰፈር አለ። ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደው ወንዝ ከነጭ ዓባይ ጋር ከመገናኘቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የሚያልፈው በቡሪ ደጅ ነው። ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ተብሎ የሚጠራው የካርቱም ሰሜን ይታያል። በዚያው ማዶ በሱዳን የፖለቲካ ታሪክ ውስጥ ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው የኮበር እስር ቤት ይገኛል።

ኮበር የሚታወቀው በፖለቲካ እስረኞቹ ነው። ይሁንና በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በግድግዳዎቹ ውስጥ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። አእምሯቸው የታመመ፣ ቤተሰብ ሊይዛቸው ያልቻለ፣ የሚያክማቸው ሐኪም ያልተገኘላቸው ሰዎች ከወንጀለኞች ጋር በአንድ ግቢ ይቀመጡ ነበር።

በዚያ ዘመን በቡሪም ሆነ በሌላው የካርቱም ሰፈር አንድ ወጣት እንቅልፍ አጥቶ ሌሊቱን ሲባዝን ቢያድር፣ ወይም አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ከሰው ተለይታ ዝም ብትል፣ ቤተሰብ የሚያውቃቸው መንገዶች ጥቂት ነበሩ። በሱዳኖች ዘንድ ፈኪ የሚባለው የሃይማኖት አዋቂ ዘንድ ሄዶ ቁርዓን ማስቀራት አንዱ ነበር። ሌላው በሴቶች የሚመራው የዛር ቤት ነው። ሕመምተኛው ኃይለኛ ከሆነ ደግሞ ሰንሰለት፣ ከሰንሰለትም አልፎ እስር ቤት ነበር።

ማን ዘንድ እንሂድ የሚለውን ይህን የቤተሰብ ጭንቀት የሕይወታቸው ሥራ ያደረጉት ሰው ዶክተር ቲጃኒ አል-ማሂ ይባላሉ። ሐኪም፣ የታሪክ ተመራማሪ፣ መጽሐፍ ሰብሳቢ፣ ለአጭር ጊዜም የአገራቸው ርዕሰ ብሔር ነበሩ። በብዙዎች ዘንድ የአፍሪካ የሥነ አእምሮ ሕክምና አባት ተብለው ይጠራሉ።

ከነጭ ዓባይ ዳር እስከ ለንደን

ቲጃኒ የተወለዱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1911 ነው። የትውልድ ስፍራቸው ከካርቱም በስተደቡብ፣ በነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኘው አል-ካዋ ናት። ስማቸው ራሱ ያደጉበትን ዓለም ይናገራል። ቲጃኒያ በምዕራብ አፍሪካና በሱዳን ሰፊ ተከታይ ያለው የሱፊ መንገድ ነው፤ ልጆችን በመሥራቹ ስም መጥራት የተለመደ ነበር። የሼኽ በረከትና የቁርዓን ንባብ በሕመም ጊዜ መጽናኛ በሆነበት ማኅበረሰብ ውስጥ አደጉ።

ሱዳን ያኔ በእንግሊዝና በግብፅ የጋራ አገዛዝ ሥር ነበረች። ወጣቱ ቲጃኒ በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ተማሩ። ከዚያም በ1924 ካርቱም ውስጥ የተከፈተው የኪችነር ሕክምና ትምህርት ቤት ገብተው በ1935 ተመረቁ። በወቅቱ የሱዳናውያን ሐኪሞች ቁጥር እጅግ አነስተኛ ነበር። አዲስ ተመራቂ ሐኪም ከተማ ለከተማ እየተዘዋወረ ከወባ እስከ ቀዶ ሕክምና ያለውን ሁሉ ይሠራል። ቲጃኒም በልዩ ልዩ የአገሪቱ ከተሞች በዚህ መልክ ለዓመታት አገለገሉ።

አንድ የገጠር ሐኪም በእነዚያ ዓመታት ከሚገጥሙት ሕመምተኞች መካከል ትኩሳትም ቁስልም የሌለባቸው ነበሩ። ልባቸው የሚመታ፣ ሆዳቸው የሚቃጠል፣ እንቅልፍ የሚያጡ፣ ድምፅ የሚሰሙ ሰዎች ናቸው። በመነጽርና በማዳመጫ የሚታይ ነገር ስለሌለ ብዙውን ጊዜ ምንም የለብህም ተብለው ይሸኛሉ። እነሱም ተመልሰው ወደ ፈኪው ይሄዳሉ፤ እሱ ቢያንስ ሕመማቸውን ስም ይሰጠዋል።

ቲጃኒ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ እንግሊዝ ተሻግረው የሥነ አእምሮ ሕክምናን አጠኑ። በ1949 በዘርፉ ዲፕሎማቸውን ይዘው ሲመለሱ ከአፍሪካውያን ሐኪሞች መካከል በዚህ ሙያ ከሠለጠኑት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበሩ።

ያለ ግንብ የተጀመረ ሕክምና

በ1950 በካርቱም ሰሜን የነርቭ ሕመሞች ክሊኒክ በሚል ስም አንድ ተቋም ተከፈተ። ከኮበር እስር ቤት ጋር በወንዙ አንድ ዳርቻ ላይ የሚገኝ ነበር። የሱዳን ዘመናዊ የሥነ አእምሮ ሕክምና ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ክሊኒክ ነው፤ መሪውም ዶክተር ቲጃኒ ነበሩ።

የስሙ አመራረጥ ብቻውን ትርጉም ነበረው። የእብዶች ቤት ተብሎ ቢጠራ ማን ደፍሮ ልጁን ይዞ ይመጣል? የነርቭ ሕመም ግን እንደ ማንኛውም ሕመም ነው፤ እንደ ጨጓራ፣ እንደ ራስ ምታት የሚነገር። ቤተሰብ ጎረቤት ፊት ሳይሳቀቅ ሊገባበት የሚችል በር ሆነ።

በዚያን ጊዜ በአውሮፓና በአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና ዋነኛ መልክ ከከተማ ርቆ የተሠራ፣ በግንብ የታጠረ፣ ሺዎችን የሚይዝ ሆስፒታል ነበር። የገባ ሰው ዕድሜውን በሙሉ በዚያው ሊያሳልፍ ይችላል። ቅኝ ገዢዎችም ይህንኑ አሠራር በብዙ የአፍሪካ አገሮች ተክለው ነበር። ዘመናዊዎቹ የሥነ ልቦና ቀውስ መድኃኒቶች የሕክምናውን ዓለም መለወጥ የጀመሩትም የካርቱሙ ክሊኒክ ከተከፈተ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1952 ነው።

በሱዳን የተተከለው ልማድ ግን ከዚህ የተለየ ነበር። ሕመምተኛው በተቻለ መጠን ከቤቱ እየተመላለሰ ይታከማል። መተኛት ካለበትም ከዘመዶቹ አንዱ አብሮት ያድራል፤ ያበላዋል፣ ያጥበዋል፣ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገራል። ይህ ለአፍሪካ ቤተሰብ አዲስ ነገር አይደለም። ወላጁን ሆስፒታል ጥሎ የሚሄድ ልጅ በቡሪም በጎንደርም ያስነቅፋል። አዲሱ ነገር ሕክምናው ራሱ ይህንን ልማድ እንደ ኋላቀርነት ሳይቆጥር እንደ መድኃኒት መጠቀሙ ነበር። አስታማሚው የሕመሙን ጠባይ ስለሚማር፣ ሕመምተኛው ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚረዳው ሰው አብሮት ይመለሳል።

ወደ ሼኾቹ መንደር

ዶክተር ቲጃኒን ከዘመኑ ሐኪሞች ይበልጥ የለያቸው ለባህላዊ ፈዋሾች የነበራቸው አመለካከት ነው። ለንደን ተምሮ የተመለሰ ሐኪም ፈኪዎችን አታላይ ብሎ ቢያጣጥል ማንም አይገረምም ነበር። እሳቸው ግን ሄደው አዩዋቸው፣ ጠየቋቸው፣ አሠራራቸውን አጠኑ።

በሱዳን ገጠር፣ በታዋቂ ሼኽ መሲድ ዙሪያ መንደር ይመሠረታል። መሲድ የጸሎት፣ የቁርዓን ትምህርትና የእንግዳ መቀበያ ስፍራ ነው። ከካርቱም በስተምሥራቅ ያለችው ኡም ደዋንባን ከነዚህ ስመ ጥር መንደሮች አንዷ ናት። ሕመምተኞች ከቤተሰባቸው ጋር መጥተው ለሳምንታትና ለወራት ይቀመጣሉ፤ ይጸለይላቸዋል፣ ከመንደሩ ሰው ጋር ይበላሉ፣ ሥራም ይሠራሉ።

ሐኪሙ በዚህ ውስጥ ያዩት ነገር ነበር። ሕመምተኛው ከሰው አልተለየም። ቤተሰቡ አልሸሸውም። ሼኹ ቋንቋውን ያውቃል፣ ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይረዳል፣ ለመዳኑም ተስፋ ይሰጠዋል። አንድ ሐኪም ነጭ ካባ ለብሶ በአሥር ደቂቃ የማይገነባውን አመኔታ ሼኹ በስሙ ብቻ ይዞታል። ስለዚህ ቲጃኒ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ተቀናቃኝ ሳይሆን ተባባሪ መሆንን መረጡ።

ይህ ሲባል ግን ሁሉን እንዳለ ተቀበሉ ማለት አይደለም። እሳቸው ሐኪም ነበሩ፤ በዘመናቸው የነበረውን ሳይንሳዊ ሕክምና ይሰጡ ነበር። የሚጥል በሽታ መድኃኒት እንደሚፈልግ፣ በወባ ትኩሳት የሚቃዥ ሰው በንባብ ብቻ እንደማይድን ያውቃሉ። የትብብሩ አንዱ ጥቅምም ይኸው ነው፤ ከሐኪሙ ጋር የሚነጋገር ሼኽ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ሕመምተኛ ወዴት እንደሚልክ ያውቃል። የተናቀ ሼኽ ግን ሕመምተኛውን ይደብቀዋል።

ዛርና የሐበሻ መንፈስ

ስለ ሱዳን የአእምሮ ሕክምና ሲነገር ለኢትዮጵያውያን ጆሮ ቅርብ የሆነ አንድ ርዕስ አለ፤ ዛር። አንዳንድ ተመራማሪዎች የዛር እምነት ምንጩ ኢትዮጵያ እንደሆነ ይናገራሉ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር የቆየው ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በከተማዋ ያሉትን ባለዛሮች በሰፊው አጥንቶ ጽፏል። ልማዱ በሱዳን፣ በግብፅና በአረብ ባሕረ ሰላጤም ተስፋፍቷል።

በሱዳን የዛር መናፍስት በወገን በወገን ይከፈላሉ። ከነዚህ አንዱ የሐበሻ ወገን ነው፤ ሉሊያ ሐበሺያ የምትባል መንፈስም አለች። የሐበሻ መናፍስት ሲጠሩ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል። ጎንደር ውስጥ ባለዛር ሲጓራ የሚደረገውን ለሚያውቅ ሰው ይህ የሩቅ ዘመድ ቤት የመግባት ያህል ነው።

የሥነ አእምሮ ባለሙያዎች በዛር ቤት ውስጥ የሚያዩት ሁለት ነገር ነው። በአንድ በኩል በትዳር፣ በመካንነት፣ በሐዘን ወይም በብቸኝነት የተጨነቀች ሴት በግልጽ ልትናገረው የማትችለውን በመንፈሱ አንደበት ትናገረዋለች። ባሏና ዘመዶቿ ይሰሟታል፤ ሌሎች ሴቶች ይከቧታል። ይህ እፎይታ ይሰጣል። በሌላ በኩል ግን ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባት ሴት በዛር ቤት ስትመላለስ ዓመታት ሊያልፉ፣ የቤተሰቡም ጥሪት ለግብርና ለስለት ሊያልቅ ይችላል። የቲጃኒ ትምህርት ሁለቱን ለይቶ ማየት የሚጠይቅ ነበር። ከልማዱ ውስጥ የሚፈውሰውን ማክበር፣ የሚጎዳውን ደግሞ ማወቅ።

ከካርቱም ወደ አቤኦኩታ

የዶክተሩ ስም ከሱዳን ውጭም መሰማት ጀመረ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ቀጣና የአእምሮ ጤና አማካሪ ሆነው በግብፅ እስክንድርያ ሠሩ።

በ1961 በናይጄሪያዋ አቤኦኩታ ከተማ የመጀመሪያው የመላ አፍሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ጉባኤ ተካሄደ። አስተናጋጁ ናይጄሪያዊው ፕሮፌሰር አዴዮዬ ላምቦ ነበሩ። ላምቦ በዚያው ከተማ አሮ በተባለው ሆስፒታል ዙሪያ ሕመምተኞች ከዘመዶቻቸው ጋር በገበሬዎች ቤት እያደሩ የሚታከሙበትን የመንደር አሠራር ዘርግተው ነበር። ከዓባይ ዳር የመጡት ቲጃኒ በጉባኤው ያቀረቡት ጽሑፍ ስለ ሃይማኖትና ማኅበራዊ ፈውስ ነበር። በአህጉሪቱ ሁለት ጫፍ የነበሩ ሁለት ሐኪሞች፣ አንዱ በሱፊ መሲድ ዙሪያ ሌላው በዮሩባ መንደር ውስጥ፣ ወደ አንድ ሐሳብ ደርሰው ተገናኙ። አፍሪካዊ ሕመምተኛ የሚድነው ከሕዝቡ ሳይነጠል ነው የሚል ሐሳብ።

ሐኪሙ በቤተ መንግሥት

በጥቅምት 1964 ካርቱም ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ የተነሳ ሕዝባዊ ዓመፅ የጄኔራል ኢብራሂም አቡድን ወታደራዊ መንግሥት ከሥልጣን አወረደ። ወታደሮቹ ሲወርዱ አምስት አባላት ያሉት የሉዓላዊነት ኮሚቴ የርዕሰ ብሔርነቱን ሥራ ተረከበ። ሊቀመንበርነቱ በአባላቱ መካከል በየተራ የሚዞር ነበር። ከአምስቱ አንዱ ዶክተር ቲጃኒ ሆኑ።

በየካቲት 1965 የእንግሊዟ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ በኢትዮጵያ ያደረጉትን ጉብኝት ፈጽመው ወደ ሱዳን ተሻገሩ። ካርቱም ላይ የአገሪቱ መሪ ሆነው ከተቀበሏቸው መካከል እኚህ ሐኪም ይገኙበታል። ከ16 ዓመት በፊት በንግሥቲቱ አገር ተማሪ የነበሩ ሰው የነጻ አገር መሪ ሆነው እንግዳ አስተናገዱ።

ኮሚቴው በ1965 አጋማሽ ቦታውን ለተተኪው ምክር ቤት ሲለቅ ቲጃኒ ፖለቲካን አልሙጥኝ አላሉም። ወደ ሕክምናቸው፣ ወደ ማስተማሩና ወደ መጻሕፍታቸው ተመለሱ።

መጻሕፍቱ

ሐኪሙ ለመጽሐፍ የነበራቸው ፍቅር በካርቱም የታወቀ ነበር። በርካታ ቋንቋዎችን እንደሚያውቁ፣ የጥንቱን የግብፅ ጽሕፈት እንኳ እንዳጠኑ ይነገርላቸዋል። በ1959 የአረብ ሕክምናን ታሪክ የሚያስተዋውቅ መጽሐፍ በአረብኛ አሳተሙ።

ታሪኩ ለሥራቸው ባዳ አልነበረም። በመካከለኛው ዘመን በባግዳድ፣ በደማስቆና በካይሮ ቢማሪስታን የሚባሉ ሆስፒታሎች ነበሩ። በ1284 ካይሮ ላይ የተሠራው የሱልጣን ቀላውን ሆስፒታል ለአእምሮ ሕመምተኞች ክፍል ነበረው። የሥነ አእምሮ ሕክምና ከአውሮፓ የመጣ እንግዳ ነው ለሚል ሰው ይህ ታሪክ መልስ ነው። የሰበሰቧቸው በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትና የብራና ጽሑፎች በኋላ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሀብት ሆነዋል።

ዶክተር ቲጃኒ አል-ማሂ በጥር 1970 አረፉ። ስድሳ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። በኦምዱርማን የሚገኘው የአገሪቱ ዋነኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል በስማቸው ተሰየመ። ዶክተር ጣሃ ባሸርን የመሳሰሉ ሐኪሞች የእሳቸውን መንገድ ይዘው ቀጠሉ።

ጥያቄው ዛሬም አለ

በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ቡሪ ከጦር ሠራዊቱ ጠቅላይ መምሪያ አጠገብ በመሆኗ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በተኩስ መካከል ወደቀች። በካርቱም ከሱዳናውያን ጋር ለዘመናት የኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ሸሹ፤ ብዙዎች በገዳሪፍ አድርገው መተማ ገቡ። በኦምዱርማን የሐኪሙን ስም የያዘው ሆስፒታልም በውጊያው ከአገልግሎት ውጭ ሆነ። የሕመም ምክንያት በበዛበት ሰዓት የማከሚያው በር ተዘጋ።

ማን ዘንድ እንሂድ የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያም አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የተጀመረውም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2003 ነው። እስከዚያም ከዚያም በኋላ አብዛኛው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጸበል፣ ወደ ሼኽ ወይም ወደ ባለዛር ነው።

ከቲጃኒ ሕይወት የሚቀሰም ትምህርት ካለ፣ ቤተሰብን ከሁለት አንዱን ምረጥ ብሎ አለማስጨነቅ ነው። ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን መውሰድ ይችላል፤ ሐኪም ዘንድ የሚመላለስም ጸሎቱን አይተውም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ይህ ሰው፣ ሐኪምም ይሁን አባት ወይም ሼኽ፣ ሕመምተኛውን ያስራል? ይደበድባል? በረኃብ ይቀጣል? የጀመረውን መድኃኒት በድንገት እንዲያቆም ያዝዛል? ከአቅሙ በላይ ሲሆን ወደ ሌላ ይልካል ወይስ ገንዘብ እየተቀበለ ያቆያል? የሚነገረውን ምስጢር ይጠብቃል?

ቋንቋም ትልቅ ነገር ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚሠራው በንግግር ነው፤ ልቤ ተጨነቀ፣ ሆዴ ባባ፣ ጭንቅላቴን ከበደኝ የሚለውን በአስተርጓሚ የሚሰማ ሰው ግማሹን ያጣዋል። በስደት ያለ ሰው የራሱን ቋንቋ የሚናገር ባለሙያ ካገኘ ዕድለኛ ነው። ካላገኘ ደግሞ ለመስማት የሚታገሥ፣ የአገሩን ልማድ ሳይንቅ የሚጠይቅ ሰው ይፈልግ። አንዲት ሴት ከሴት ባለሙያ ጋር መነጋገር ብትመርጥም መብቷ ነው። የመጀመሪያው ሰው ካልተስማማ ሌላ መፈለግ ውለታ ቢስነት አይደለም። በሁለትና በሦስት ቀጠሮ ውስጥ ሕመምተኛው እየተሰማ መሆኑን ይረዳዋል።

ራስን ስለ ማጥፋት የሚያወራ፣ ምግብና እንቅልፍ የተወ፣ ወይም ያልተባለ ድምፅ የሚሰማ ሰው ግን ለቀጠሮ አይጠብቅም። እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ የቅርብ ሰው ሳይለየው በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ተቋም በዚያው ቀን መውሰድ ያስፈልጋል።

በ1950 ከኮበር እስር ቤት ብዙ ሳይርቅ የተከፈተችው ትንሽ ክሊኒክ ያደረገችው ቀላል ይመስላል። የታመመን ሰው ከሰንሰለት አውጥታ ዘመዱን አጠገቡ አስቀመጠች፤ ሼኹንም ሐኪሙንም ስለ እርሱ እንዲነጋገሩ አደረገች። ዛሬ ከቡሪ ተሰደው በመተማ፣ በካይሮ ወይም በአዲስ አበባ የተጠለሉ ቤተሰቦች ለታመመ ልጃቸው የሚፈልጉት ከዚህ የተለየ አይደለም።